ስላረገዘው ኮርኒሳችን

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ምንጣፍ ያለው ክፍል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እግርዎ ደረቅ፣ ደረትዎ ሰላም፣ ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ወረቀትም ያልረጠበ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ በሁለተኛ ፎቅ የምንኖር ተከራዮችዎ ከላይ ከሚወርድብን ነገር በቀር እጅግ ደህና ነን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራውም እዚያው ቤቴ ነው። ባለቤቴ ሰዓት ይጠግናል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ ማለትም የባለቤቴ እናት፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት በአዋላጅነት ያገለገሉ ጡረተኛ ናቸው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ባለፉት አራት ወራት አሥራ አንድ ጊዜ ቢሮዎ መጥተን አሥራ አንዱንም ጊዜ «እናንተ ደግሞ ማን ናችሁ?» ተብለን ስለተጠየቅን፣ መልሱ አንዴ በጽሑፍ ቢቀመጥ የሁላችንንም ድካም ይቀንሳል ብዬ ነው።

አቤቱታዬን በጽሕፈት ቤትዎ ደንብ መሠረት በቁጥር ከፋፍዬ አቅርቤአለሁ። አንዱ ቁጥር ረዝሞ ሌላው ቢያጥር ይቅርታዎ አይለየኝ፤ መከራውም ተመዝኖ አልመጣም።

፩. የመጀመሪያው ስለ እድፉ ነው። ከአራት ወር በፊት በአማቴ መኝታ ክፍል፣ ከአልጋቸው ራስጌ በላይ፣ ኮርኒሱ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቡናማ ነጥብ ታየች። በሳምንቷ የስኒ ማስቀመጫ አከለች፤ በወሯ የልብስ ሜትሬን አውጥቼ ብለካት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ስልሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ሆና አገኘኋት። እድፍ ደግሞ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ጨርቅ አንድ ጊዜ ብቻ ከረጠበ እድፉ ወጥ ነው፤ እየረጠበ፣ እየደረቀ፣ ደግሞ እየረጠበ ከሰነበተ ግን በደረቀ ቁጥር ጠርዙ ላይ አንድ ቡናማ መስመር ይተዋል። የእኛ ኮርኒስ ሰባት መስመር ነበረው። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ቀን ባልዲ ደፍቶ የረሳው ነገር እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ሥራዬ ብሎ የሚመላለስ ውሃ እንደሆነ ለቢሮዎ በትሕትና አመለከትኩ።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ባለሙያዎ መጡ። ነጭ ሄልሜታቸውን እንዳደረጉ አማቴ መኝታ ቤት ገቡ፤ ያን ጊዜ ባንረዳውም፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ለሚሆነው ነገር በትክክል የለበሱት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ከክፍሉ በላይ ያለው የጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ቤት ነውና ወደዚያ ወጥተው ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ከአቧራ በቀር ምንም አላገኙም። ከዚያ ወርደው አንድ ገጽ ሪፖርት ጻፉ። የሪፖርቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ይላል፦ «እርጥበቱ ከላይ የመጣ ሳይሆን የቤቱ ነዋሪዎች ከመጠን በላይ በመተንፈሳቸው የተፈጠረ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ወደ ሳንባ ሲለከክ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ሰዎች ነን። ባለቤቴ ሙሉ ቀን ሱቁ ነው፤ የሚተነፍሰው እዚያው ነው። እኔ ስሰፋ መርፌ በጥርሴ ስለምይዝ አፌን አልከፍትም። ጥፋቱ በአማቴ ላይ ብቻ ሊወድቅ ሆነ ማለት ነው፤ እርሳቸው ደግሞ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ምጥ የያዛትን ሴት ሁሉ «ተንፍሺ፣ ልጄ፣ ተንፍሺ» ሲሉ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ በስተርጅና «አይተንፍሱ» መባሉን በቀላሉ አልወሰዱትም። ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ከዚያም ለባለሙያዎ ሲባል ለረጅም ጊዜ በጥልቀት ተነፈሱ።

፪. ሁለተኛው ስለ ቀለሙ ነው። የጻፍነው አቤቱታ ሲበዛ ጽሕፈት ቤትዎ ርኅራኄ አድሮበት ሁለት ቀለም ቀቢዎች ላከልን። እድፉን በነጭ የዘይት ቀለም ሦስት ጊዜ ደራርበው ቀቡት፤ የእድፉ ጉዳይም በመዝገብዎ ላይ «ተፈቷል» ተብሎ ተዘጋ። ውሃው ግን መዝገብ አያነብም። ከዚያ በፊት የሚመጣውን ያህል በቀስታ እየተንጠባጠበ ይወጣ ነበር፤ የዘይት ቀለም ውሃ ስለማያሳልፍ ከዚያ በኋላ መውጫ አጣና ከላይ ይጠራቀም ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ኮርኒሱ ወደ ታች ለስለስ ብሎ አበጠ።

አማቴ ይህን ሲያዩ የቆየ ሙያቸው ተቀሰቀሰ። ወንበር ላይ ወጥተው፣ እጃቸውን አሙቀው፣ እብጠቱን በሁለት መዳፋቸው ግራና ቀኝ ደገፍ አድርገው ዳሰሱት። ሲወርዱ ፊታቸው ላይ የነበረውን ቁም ነገር ላስረዳዎ አልችልም።

«አምስተኛ ወሩን ይዟል» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ማክሰኞ ክትትል ያደርጉለት ነበር። ባለቤቴ አፍሮ ለሰው እንዳይናገሩ ለመናቸው፤ እርሳቸው ግን የተዘጋ ነገር ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ኮርኒስም ሆነ ሌላ ሕጉ አንድ ነው፣ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም ብለው ነገሩን በቀጠሮ ያዙት።

እስካሁን የጻፍኩት ቢያስቅዎ ደስ ይለኛል፤ እኛንም አንዳንዴ ያስቀን ነበር። የማያስቀው የአማቴ ሳል ነው። ከቁም ሣጥናቸው ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ወጣ፤ የተጣጠፈ ልብሳቸው ሳይለበስ ሸተተ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ፈላ። ይህ ውሃ በሲሚንቶው ውስጥ ሲያልፍ የያዘው ጨው ነው፤ ራሱ ሲተን ጨውን ለባለቤቱ ትቶ ይሄዳል። ሐኪሙ ከዚያ ክፍል እንዲወጡ መከራቸው። እርሳቸው ግን ቤቱን ለውሃ ለቅቄ አልሄድም፣ ዛሬ ክፍሉን ብለቅለት ነገ ሳሎኑን ይጠይቃል ብለው እዚያው አልጋቸው ላይ፣ ከዚያ እብጠት ሥር፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ሰነበቱ። እኔ በየጠዋቱ ሳላቸውን ከሰማሁ «ደህና አድረዋል» እያልኩ፣ በመሳላቸው የምጽናና ሰው ሆንኩ።

፫. ሦስተኛው ስለ ፈቃዱ ነው። ባለሙያዎን አክብረን ብንቀበልም፣ ለማመሳከር ያህል አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል፤ አንዱን የብረት ዘንግ ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ ነው። ሄልሜት የለውም። አዳምጦ ሲያበቃ ያስተማረንን ለባለሙያዎ ይጠቅማል ብዬ እዚህ አሰፍረዋለሁ፦ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጣሪያውን መርምሩ፤ ሳያቋርጥ ቀኑን ሙሉ የሚወርድ ከሆነ ግፊት ያለበት የንጹሕ ውሃ መስመር ነው፤ መጣ ሄድ የሚል ከሆነ ግን ሰው ተጠቅሞ የሚለቀው ፍሳሽ ነው።

መዝገብ ቤቱ ደረቅ መሆኑን ስንነግረው አልገረመውም።

«ውሃ የወደቀበትን እንጂ የተነሣበትን አይናገርም» አለን። «ቧንቧ ይዞ፣ እንጨት ይዞ፣ አራት አምስት ሜትር ተጉዞ ነው ደክሞት የሚወድቀው። ኮርኒሱን ልክፈተውና መነሻውን ላሳያችሁ።»

እኛም ለመክፈት ፈቃድ ልንጠይቅ መጣን። ጸሐፊዎ ደንቡን በትዕግሥት አስረዱን። ኮርኒስ የጋራ ንብረት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይከፈትም። ፈቃድ የሚሰጠው ከኮርኒሱ በላይ የሚያፈስ ቧንቧ መኖሩ ሲረጋገጥ ነው። መኖሩ የሚረጋገጠው ደግሞ ኮርኒሱ ሲከፈት ነው። ይህን ደንብ ያረቀቀው ሰው አሁንም በሕይወት ካለ እጁን መሳም እፈልጋለሁ፤ እኔ በሃያ ዓመት ስፌት መግቢያም መውጫም የሌለው ልብስ ሰፍቼ አላውቅም።

፬. አራተኛው ስለ ደብተሩ ነው። ጆሮ ሲሄድ መክፈት ካልተፈቀደላችሁ ቢያንስ ሰዓቱን መዝግቡ ብሎን ነበር። ይህ ለሰዓት ሠሪ ሲነገር ምን እንደሚሆን ይገምቱት። ባለቤቴ ከሱቁ ሁለት የእጅ ሰዓትና አንድ የግድግዳ ሰዓት አምጥቶ፣ ሦስቱንም በአንድ ሰከንድ አስተካክሎ፣ እብጠቱ ጠርዝ ላይ ከተሰነጠቀችው ቀጭን መስመር ሥር ጣሳ አስቀመጠ። እርሱ ሱቅ ሲሄድ እኔ፣ እኔ ልብስ ስለካ አማቴ፣ ለአምስት ሳምንት እያንዳንዷን ጠብታ ጻፍን።

ክቡር ሆይ፣ የዚህ ውሃ ጠባይ እጅግ አስደነቀን። ከጠዋቱ ሁለት ተኩል በፊት ጠብ አይልም። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ይጀምራል። አራት ሰዓት ላይ፣ ከሻይ በኋላ መሆኑ ነው፣ ይበረታል። ለምሳ በስድስት ሰዓት ይወጣል፤ ሲመለስ ግን ሁልጊዜ አርባ ደቂቃ ያህል ያረፍዳል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ድርሽ አይልም። እሑድ ያርፋል። ባለቤቴ ደብተሩን እያገላበጠ ሳለ ድንገት ቀና ብሎ፣ ይህ ውሃ የቢሮ ሠራተኛ ነው አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ አንዲት ጠብታ እንኳ አልወረደችም፤ ጣሳው ደረቀ፣ ኮርኒሱም በመጠኑ ጎደል አለ፤ አማቴም ጨነገፈ ብለው ደነገጡ። እኔ በማግስቱ የተሰፋ ሱሪ ላደርስ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ በርዎ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አየሁ፤ «ኃላፊው ለአምስት ቀን ሥልጠና ላይ ናቸው» ትላለች። እርስዎ በተመለሱበት ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ፣ ውሃውም ከሥልጠናው ተመለሰ። የግል መታጠቢያ ክፍልዎ ከመዝገብ ቤቱ አጠገብ፣ ከእኛ ኮሪደር በላይ መሆኑን ከዚህ በኋላ ነው ያስተዋልነው። እናም ሁላችንም ጣሳውን አየነው።

፭. አምስተኛው አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ ከልቤም ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አማቴ የጠዋት ክትትላቸውን ሲያደርጉ ሁኔታው አላማራቸውም። ወንበሩ ላይ እንዳሉ ከቅዳሜ አያልፍም ብለው ተናገሩ። ነጠላ ጫማቸውን በቆዳ ጫማ ቀይረው፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለው፣ ለእርስዎ በግንባር ሊነግሩ ወጡ። ወረፋ ቁጥር አሥራ አራት ተሰጣቸው። ጸሐፊዎ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አሁን ይወጣሉ አሏቸው። እርስዎም አልወጡም። አማቴ በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ከሩብ ቁጭ አሉ።

ስድስት ሰዓት አማቴ ጋደም የሚሉበት ሰዓት ነው። በየቀኑ፣ ሳያዛንፉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ግማሽ ሰዓት።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ እኔ ማሽኔ ላይ የአንዲት ሙሽራ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። ድምፁ እንደ ፍንዳታ አልነበረም፤ እርጥብ ፍራሽ ከፎቅ እንደተወረወረ ያለ ድፍን ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ ውሃው መጣ። በሩን ስከፍት ኮርኒሱ ከነእንጨቱ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ከባዱ ጫፍ ያረፈው ትራሱ ላይ ነው። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ አማቴ ቤት ውስጥ አለመኖራቸውን ረሳሁት። ጠዋት በሩን የዘጋሁላቸው እኔው ነኝ፤ ግን ከአእምሮዬ ጠፋ። ያንን እርጥብ እንጨት በእጄ እየመነገልኩ «እማማ፣ እማማ» ስል ነበር፤ ትራሱ ላይ ደርሼ ባዶ መሆኑን እስካይ ድረስ። ከዚያም ወረፋው ትዝ አለኝ።

ደረጃውን በአንድ እግር ጫማ ወጣሁት። አግዳሚው ላይ፣ ቁጥር አሥራ አራትን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ የሰው ሞት የተረዳን መስሏቸው ተነሡ። ኮርኒሱ እንደወደቀ፣ በትራሳቸው ላይ እንደወደቀ በሲቃ ነገርኳቸው። ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ከዚያም የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

«አራት ቀን ቀደመ» አሉ።

እንግዲህ ያስቡት። ቢሮዎ ሰውን በአሥር ደቂቃ የሚያስተናግድ ቀልጣፋ ቢሮ ቢሆን ኖሮ፣ አማቴ ጉዳያቸውን ጨርሰው፣ ቤታቸው ተመልሰው፣ በሰዓታቸው ጋደም ብለው ነበር። የባለቤቴን እናት ሕይወት ያተረፈው የእርስዎ ወረፋ ነው። ሌሎች ቢሮዎች ሰው ሲያንገላቱ በከንቱ ነው፤ የእርስዎ ግን ፍሬ አፍርቷል። ይህን ውለታ ቤተሰባችን እስከ ልጅ ልጅ አይረሳውም፤ ቢረሳውም አማቴ ያስታውሱታል።

፮. ስድስተኛው ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ነው፤ መቼም መዝገብዎ ላይ እንደተዘጋ ስለሚቆይ ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል። ኮርኒሱ ራሱን በራሱ ስለከፈተ የፈቃድ ጥያቄ ቀረ። ጆሮ በዚያው ከሰዓት በኋላ መሰላል ይዞ መጣ። ከመታጠቢያ ክፍልዎ የሚወርደው የፍሳሽ ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ተበልቶ ነበር። ውሃው ከዚያ ይሾልካል፤ ወዲያው ግን አይወድቅም፤ የቧንቧውን ሆድ ይዞ አራት ሜትር ከሩብ ይጓዛል፤ ቧንቧው የሚታጠፍበት፣ ከአማቴ ራስጌ በላይ ሲደርስ ይለቃል። ጆሮ ቀለበቱን ቀየረው። ባለቤቴ ሰዓቱን ይዞለታል፤ ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። አራት ወር፣ አሥራ አንድ ጉዞ፣ አንድ ሪፖርት፣ ሦስት ድርብ ቀለም፣ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሲሆን የከረመው ነገር በሃያ ስድስት ደቂቃ አለቀ።

በሁለተኛው ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ደረሰን። ደስ ብሎን ከፈትነው። «ያለ ፈቃድ የጋራ ንብረት የሆነን ኮርኒስ በመክፈታችሁ» የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶናል። በትሕትና ለማረም ያህል፣ ኮርኒሱን የከፈተው ኮርኒሱ ነው፤ ማስጠንቀቂያውም ለእርሱ ቢጻፍ ተገቢ ነው። ቁርጥራጮቹን ሁሉ በረንዳ ላይ ሰብስበን አስቀምጠናል፤ ለጥያቄ ከተፈለገ እናቀርበዋለን፤ ምንም ዓይነት ወንጀል እንደማይክድ እርግጠኛ ነኝ።

አማቴ ለጊዜው የሚተኙት በእኔ የስፌት ክፍል ውስጥ፣ በማሽኑና በመስኮቱ መካከል ነው። ክፍሉ ደረቅ ነው፤ ሳላቸው በአምስተኛው ቀን ቀለል አለ፤ ትናንትና ጠዋት ጭራሽ አልሳሉም። በዝምታቸው ደንግጬ ሮጬ ብገባ መስኮቱን ከፍተው ያለ ማንም ፈቃድ በደስታ እየተነፈሱ አገኘኋቸው።

የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮርኒሱ ይሠራልን። ቀለም አንፈልግም፤ ባለሙያ አንፈልግም፤ እንጨትና ሰሌዳ ይበቃናል።

በደጅዎ ስመላለስ የጫማዬ ሶል ያለቀ፣ የአክብሮቴ መጠን ግን ያልቀነሰ፣ ከበታችዎ፣ ያውም በቀጥታ ከበታችዎ የምኖር፣ ለሚወርድልን ሁሉ እጄን ዘርግቼ የምቀበል፣ ታዛዥ ተከራይዎ፤

ልብስ ሰፊዋ
ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮርኒስ የሌለው ቤት

ግልባጭ፦
— ለሕንፃው ነዋሪዎች በሙሉ፣ በየደረጃው መታጠፊያ ላይ ተለጥፎ
— ለባለሙያው፣ ከሄልሜታቸው ጋር

ማሳሰቢያ፦ ቧንቧው ወለሉን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቦታ ዙሪያው ስላልተደፈነ፣ ኮርኒሱ ከወደቀ ጀምሮ ከመታጠቢያ ክፍልዎ የሚወጣው ድምፅ ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማናል። ትናንት ባለቤቴ ስልክ ደውሎ ጸሐፊዎ «ኃላፊው ለመስክ ሥራ ከከተማ ወጥተዋል» ሲሉት፣ እርስዎ በእኛ ራስ ላይ የፍቅር ዘፈን እያዜሙ ነበር። አማቴ ድምፅዎን ወደውታል፤ የሁለተኛውን ስንኝ ግጥም ግን ሁልጊዜ ስለሚስቱት በዚህ ፖስታ ውስጥ ጽፈው ልከውልዎታል። ከመስክ ሲመለሱ ያንብቡት፤ ኮርኒሱም ቶሎ ቢሠራ ለእኛ ቤት፣ ለእርስዎ ደግሞ ምስጢር መጠበቂያ ነው።